ዶቃ አልሞተም

ወረታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ፀገነት፣

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈትሽን ሳይ ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ አልሁ። እንደ ተፈታሽ፣ አዲስ አበባ እናትሽ ቤት እንደ ገባሽ፣ ደኅና እንደ ሆንሽ አነበብሁ። ስለ ስድስቱ የእስር ዓመታት አንድ ቃል አልጻፍሽም። «ለምን አልጠየቅኸኝም?» ብለሽም አልወቀስሽኝም። ከታች ብቻ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ዶቃ መቼ እንደ ሞተ ጻፍልኝ፤ አላለቅስም» ብለሻል።

ፀጌ፣ ዶቃ አልሞተም። ይህን ስጽፍልሽ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ዝንብ ያባርራል። ያ ቡችላሽ ዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ አፉ ዙሪያውን ሸብቷል፤ የኋላ እግሩንም ያነክሳል። ግን አለ። ይህን ብቻ አንብበሽ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብታቆሚው አልቀየምሽም፤ ቀጥሎ ያለው የኔ ኑዛዜ ነውና።

አንቺ የተወሰድሽ ጊዜ ዶቃ ከተከራየሽው ቤት ደጅ ሦስት ቀን ሳይንቀሳቀስ ተኛ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ተከትሎኝ መጣ። እናቴን ታውቂያቸዋለሽ፤ «የቄስ ቤት ነው፤ ውሻ ደጅ ይጠብቅ እንጂ ከጣራ ሥር አይገባም» አሉ። እኔም እሺ አልሁ። እንዲህ ሆነን ከረምን።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ይቸገር ጀመር። የፊት እግሮቹን አስቀድሞ ይተክልና ኋላውን እየጎተተ ይነሣል። ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን ሰውነቱ ይፍታታል፤ ስለዚህም ነገሬ አላልሁትም። ትምህርት ቤት ድረስ ይሸኘኝ የነበረው ውሻ ቦዩን መዝለል ተወ፤ ዳር ቆሞ ያየኝና ይመለሳል። ቀኝ ጭኑን ጠጉሩ እስኪመለጥ ይልሳል። ጥፍሮቹ ረዝመው መሬት ሲጭሩ ይሰማኛል። ይህን ሁሉ አይቼ ምን ያልሁ ይመስልሻል? «ሰነፈ» አልሁ። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ አልነሣ ቢለኝ በጨንገር መታሁት። አልጮኸም። ቀና ብሎ አየኝና እንደ ምንም ተነሣ።

ባለፈው ሐምሌ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆነ። ውኃው አጥራችን ድረስ መጣ፤ ዶቃ የሚተኛበት ሁሉ ጭቃ ሆነ። በዚያ ሰሞን ነው ጎረቤታችን አቶ ደረሰ የመጣው። ያኔ ጨው ይነግድ የነበረው ሰውዬ፣ ዛሬ በቀበሌ ጥበቃ ተመድቦ ጠመንጃ ይይዛል። ለዶቃ አጥንት ሳይጥልለት አልፎ አያውቅም። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ዳሌውን መታ መታ ሲያደርገው ዶቃ ዞሮ እጁን ነከሰው።

«አብዷል!» አለ አቶ ደረሰ። ደሙን በነጠላው እየጠቀለለ ወደኔ ዞረ። «ያየህ፣ ይህ ውሻ አብዷል። ሰፈሩ ሁሉ ልጅ ነው። እኔ ልተኩስ ወይስ አንተው ታደርገዋለህ?»

ሰው ተሰብስቧል። ከኋላ አንዱ፣ «የእስረኛዋ ውሻ አይደል እንዴ?» አለ።

ያን ጊዜ «ግደለው» አልሁ።

ልነግርሽ የፈራሁት ይህንን ነው። ስለ ልጆቹ ፈርቼ ቢሆን ባልተሸማቀቅሁ ነበር። ያስፈራኝ «የእስረኛዋ» የሚለው ቃል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ስንቅ ይዤልሽ ያልመጣሁትም፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ያልላክሁልሽም በዚሁ ፍርሃት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ልፈልግለትም አልሞክርም።

እናቴ ከማጀት ወጡ። እጃቸው ሊጥ ነው። ሰዉን በክርናቸው እየገፉ አልፈው ከዶቃ ፊት ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ። «ይህ ውሻ ሕመምተኛ ነው እንጂ እብድ አይደለም። ስንት ሌሊት ሲያቃስት እሰማለሁ። ደረሰ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ። አንተ ደግሞ» አሉና እኔን አዩኝ፣ «ሂድና ያንን የከብት ሐኪም ጥራ። አደራ የተሰጠህን ነገር እንዲህ ነው የምትጠብቅ?»

የከብት ሐኪሙ ትሁን ይባላል፤ ካቻምና ከአርሲ ተዛውሮ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንቺ አታውቂውም። እንደ መጣ መጀመሪያ ያየው ውሻውን ሳይሆን የአቶ ደረሰን እጅ ነው። በሳሙና ደጋግሞ አሳጠበውና ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ነገረው። ከዚያ ዶቃን ከሩቅ ሆኖ አየው፤ እኔንም ጠየቀኝ። ጠዋት ሲነሣ እንዴት ነው? መዝለል ተወ ወይ? የሚልሰው ቦታ አለ ወይ? ካልነኩት ይናከሳል ወይ? ሁሉን መለስሁለት። እያንዳንዱን ስመልስ ሁለት ዓመት ሙሉ ዐይኔ ሥር የነበረውን ነገር ራሴ ለራሴ ስናገር ሰማሁት።

«ሕመም ይመስለኛል» አለ ትሁን። «ግን በመምሰል ሰው አናስበላም። አሥር ቀን ታስሮ ይቆይ። እብደት ከሆነ በዚህ ውስጥ ይለይለታል። ማንም እንዳይነካው።»

እነዚያ አሥር ቀናት እንዴት እንዳለፉ አልነግርሽም። አቶ ደረሰ በየማለዳው አጥሩ ሥር ይቆማል፤ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የሚጠብቀው የዶቃን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ዕጣ ነበርና ልፈርድበት አልቻልሁም። «በላ?» ይለኛል። «በላ» እለዋለሁ። «ጠጣ?» «ጠጣ።» ይሄዳል። በአሥራ አንደኛው ቀን ሲመጣ ዶቃ ተኝቶ እንዳለ ጭራውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገለት። አቶ ደረሰ አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም ከቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ያን ቀን ትሁን የዶቃን አፍ በጨርቅ አስሮ ሰውነቱን ፈተሸው። እግሮቹን አንድ በአንድ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ቀኝ ዳሌው ላይ ሲደርስ ዶቃ አቃሰተ።

«እጅህን እዚህ አድርግ» አለኝ። አደረግሁ። እግሩ ሲታጠፍ ከቆዳው ሥር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሲፋጭ ተሰማኝ። «መገጣጠሚያው ተበልቷል። ይኸውልህ፣ ይኸኛው ጭን ከዚያኛው ቀጥኗል፤ ስለሚያመው አይጫንበትም። የሰው ቁርጥማት እንደምትለው ነው። ውሻ አመመኝ ብሎ አይጮህም፤ ይተኛል፣ ይልሳል፣ የሚያመውን ሲነኩበት ይናከሳል።»

«ይድናል?»

«አይድንም። ግን ይቀልለታል።»

እኔ ኪሴ ውስጥ ለራስ ምታት የምውጣቸው ክኒኖች ነበሩኝና ልስጠው ወይ አልሁት። ቀማኝ። «ለሰው የተሠራ ክኒን አንጀቱን ያደማዋል። ሳትጠይቀኝ ምንም እንዳትሰጠው» አለ። ቀጥሎ ሆዱን ዳበሰና ፈገግ አለ። «ለመሆኑ ማን ነው እንዲህ ያደለበው? ይህን ሁሉ ክብደት በታመመ ዳሌ ነው የሚሸከመው።»

እናቴ ወደ አጥሩ ዞረው ዶሮ ማባረር ጀመሩ። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ፍትፍቱን የሚያጎርሱት እሳቸው ኖረዋል!

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው። ምግቡ ተቀነሰ፤ እናቴ በዚህ እስከ ዛሬ ያኮርፋሉ። ጥፍሩን ቆረጥንለት። ጠዋትና ማታ ለጥ ያለው መንገድ ላይ ቀስ እያልን ጥቂት እንሄዳለን፤ ጨርሶ ከተኛ ይብሱን ይተሳሰራል ብሏል ትሁን። ከጭቃው ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ እንዲተኛ አዘዘን፤ ለዚያ ሳንቃውን ማን ያመጣ ይመስልሻል? አቶ ደረሰ። በዚያው በተነከሰ እጁ ምስማሩን መትቶ ትንሽ አልጋ ሠራለት። ጭድ ጎዘጎዝንበት። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ እናቴ አልጋውን ራሳቸው ጎትተው ከጣራው ሥር አስገቡት። «የቄስ ቤት ነው» ያሉት ትዝ ብሎኝ ሳይ፣ «ምን ታየኛለህ? ቄሱም ቢኖሩ ያስገቡት ነበር» አሉኝ።

በሙቀት ማከሙ የሳቸው ሐሳብ ነው። «እኔ ጉልበቴን ወንዛዬ ፍል ውኃ የምነክረው ሙቀት ስለሚፈታኝ አይደል?» ብለው ጨው አሙቀው በጨርቅ ቋጠሩ። መጀመሪያ በራሳቸው ክንድ ይለኩታል፣ ከዚያ ዳሌው ላይ ያኖሩታል። ትሁን አይቶ፣ «እንዳያቃጥሉት እንጂ ደግ ነው» አለ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም ለውጥ አላየሁም። ደክሞኝ ነበር። መስከረም በጠባ በሳምንቱ ግን ማለዳ ስነሣ ዶቃ ከአልጋው ላይ የለም። ወጥቼ ስፈልገው ከቦዩ ማዶ ቆሞ አደይ አበባ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሯል። ዘሎ አልነበረም፤ ዞሮ በድልድዩ ነው የሄደ። ብቻውን፣ በገዛ ፈቃዱ። እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

ፀጌ፣ ዶቃን አዲስ አበባ ላምጣልሽ ብዬ ትሁንን አማከርሁት። ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ወለል ላይ ተጣጥፎ መጓዝ ለዳሌው አይሆንም፤ ያለፋንበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል አለኝ። ፊቴን ሳላጠቁር «እሺ» አልሁት። እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። እሱ መሄድ ካልቻለ አንቺ ትመጫለሽ ማለት ነዋ። የይለፍ ወረቀቱን እንደ ሰጡሽ ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ። አውቶቡሱ ዘንድ እንጠብቅሻለን፤ ከቤት እስከ ጎዳናው ያለውን መንገድ ዶቃ አሁን ሳያርፍ ይሄደዋል።

ስለ ራሴ ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ በወረቀት አልለምንሽም። ስትመጪ ፊት ለፊት እለምንሻለሁ። ይቅር ካልሽኝ ደግሞ ከ1969 ጀምሮ ልነግርሽ ፈልጌ የዋጥሁት ሌላ ነገር አለኝ።

እናቴ፣ «እርም አውጥታ እንዳትመጣ፤ ነጭ ለብሳ ትምጣ በላት» ብለውሻል።

ያየህ