ጥጥ ለሬሳ ነው

ኦክቶበር 4፣ 2009
ዛሬም እኔና ሙሚን የጀሶ ጥርስ ስንቦረቡር ዋልን። የጥርስ ሕክምና ተለማማጅ ከሆንን ስድስተኛ ወራችን። ለመቦርቦሪያው አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር አሁንም እኛ ክፍል ውስጥ፣ ከወንበሬ ጀርባ ያጓራል። አሠልጣኛችን ዶክተር ኒዛር ነው እዚያ ያስቀመጠው፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሀራሙስ የሚመጡት ታካሚዎች እንዳይረበሹ። እኛስ? ጆሮ የለንም መሰለው...
ሰፈሬ ካርቲየ 2 ደርሼ ቤት ስገባ ግራ ጆሮዬ ይጮሃል። እናቴ ሁለቴ ጠራችኝ አሉ። አልሰማሁም።

ኦክቶበር 7
ሲጮህ አደረ።

ኦክቶበር 11
ጆሮዬን በጥጥ ጠቅጥቄ ገባሁ። ዶክተር አየው። ታካሚ ፊት በጣቱ መዝዞ አወጣና «ናዒማ፣ ጥጥ ለሬሳ ነው» አለኝ። ታካሚዋ ሳቀች። ሙሚንም ሳቀ፣ ፈሪ። ፊቴ ነደደ።
አሳየዋለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ አሳየዋለሁ።

ኦክቶበር 20
የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «የግራው ቀንሷል። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብቂ» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው...
የጻፈልኝን ወረቀት ለዶክተር ኒዛር ሰጠሁት። ሳያነብ አጠፈው። «እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ምን ሆንኩ?»
እውነት፣ ምን ሆነ?

ኖቬምበር 3
ምን እንደሆነ ገባኝ። ሁሌ «ማስክሽን አውርጂና ንገሪኝ» ይላል። ታካሚ የተናገረውን ሳይቀር እኛ ማስክ አውርደን ነው የምንደግምለት። የትልቅ ሐኪም ወግ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጆሮው አይሰማም፣ ከንፈር ነው የሚያነበው።
ዛሬ ኮምፕረሰሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላው ቆምኩና ማስኬን ሳላወርድ «አንተ ጨካኝ» አልኩት። ዞር አላለም። ደገምኩት። ሙሚን ደንግጦ የያዘውን ጣለ። ዶክተር ጽሑፉን ቀጠለ። ዋላሂ፣ ከልቤ ደስ አለኝ።

ኖቬምበር 24
ተለማማጅ የማሠልጠን ፈቃዱን ሊያድሱለት ፕላቶ ዱ ሰርፓን ካለው የጤና ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። ማስክ አድርገው ታካሚው አጠገብ ቆሙ። ሴትየዋ «ተለማማጆቹ ጆሯቸውን በምን ይከላከላሉ?» ብላ ጠየቀችው። አልሰማትም። ደገመች። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ዐይኑ ለመነኝ፤ አውርጂና ንገሪኝ።
ማስኬን ከፍ አድርጌ አፍንጫዬ ላይ አጠበቅኩት።
ሴትየዋ በመጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችው። ወደ ዐይኑ አስጠግቶ ሁለቴ አነበበው። አላዘንኩም። ለምን አዝናለሁ? የኔን ወረቀት መች አነበበው?

ጃንዋሪ 10፣ 2010
ፈቃዱን ከለከሉት። የክሊኒኩ ባለቤቶች ሌላ ሐኪም ቀጠሩ፣ ኮምፕረሰሩም ጣሪያ ላይ ወጣ። ሊሰናበት መጥቶ ሙሚንን ጨበጠው። እኔን አላየኝም። ይሁን፣ እኔ አይቼዋለሁ።

ማርች 6፣ 2016
ይህን ደብተር ዛሬ ከሳጥን አወጣሁት።
አሠልጣኟ አሁን እኔ ነኝ። ጆሮውን ሳይደፍን መቦርቦሪያ የሚነካ ተለማማጅ የለኝም። የኔ ግን ቀኙም ግራውን ተከተለ... ጠዋት አዲሷ ልጅ ውዳድ ታካሚው ያለውን ልትነግረኝ መጣች። ዐይኗ ብቻ ይታየኛል።
«ማስክሽን አውርጂና ንገሪኝ» አልኳት።
አወረደች። አሁንም አብሮኝ የሚሠራው ሙሚን ከማዶ ቀና ብሎ አየኝ።
ኒዛርን አሁንም ይቅር አላልኩትም። ግን ውዳድ ከኋላዬ በቆመች ቁጥር ዞር ዞር ስል ዋልኩ።