የጋሽ ጀንበሬ ጠረጴዛና ጓዳ

አባ ሚናስ ከጨርቁ ውስጥ ያወጡትን ነገር ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። ጣት የሚያህል፣ አረንጓዴ፣ በአንድ ጎኑ ወርቃማ ጥርሶች የተደረደሩበት ነገር ነው።

«ወይዘሮ ነጃት፣ እኔ የጠየቅሁሽ የሟቹን የክርስትና ስም ነው» አሉኝ። «ይህ ማበጠሪያቸው ነው?»

«ስማቸው እዚያ ውስጥ ነው፣ አባ።»

«የት ውስጥ?»

«ሜሞሪው ውስጥ። ከኮምፒውተራቸው በጥንቃቄ ነቅዬ ነው ያመጣሁት።»

አባ ሚናስ ደግመው አገላበጡት። እርሳቸው ወደ ጅቡቲ ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነው፤ ሟቹን የሚያውቋቸው በሰላምታ ብቻ ነበር። የቀድሞው የንስሐ አባታቸው ወደ አገር ተመልሰው የት እንደገቡ አይታወቅም። ፍትሐቱ የሚደርሰው ደግሞ በክርስትና ስም ነው። «ጀንበሬ ብዬ አልጸልይላቸውም፤ ስሙን አምጪልኝ» ብለው ማበጠሪያውን መለሱልኝ። ይህ የሆነው ትናንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው።

የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፍ ዘመድ ስላልተገኘ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤታቸው ጻፍኩት። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ስሕተት ከተገኘ ለእኔ ይሁን፤ እውነት ከተገኘ ለእርሳቸው።

አቶ ጀንበሬ ወልደየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየሱስ ሽብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙፋን ከበበው በ1944 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ለገሃሬ አካባቢ ተወለዱ። የጅቡቲ መታወቂያቸው 1952 ይላል። አንዱ በሐበሻ አንዱ በፈረንጅ ስለሆነ ሁለቱም ልክ ነው። የሰፈራችን የአርሂባ ሰው ግን ይህን ሳያገናዝብ «ጋሽ ጀንበሬ ስምንት ዓመት ይደብቃሉ» እያለ ሲያማቸው ኖረ። እኔም አብሬ አምቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ለእናታቸው አንድ ነበሩ። በድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ካጠናቀቁ በኋላ ከአንድ አርመን ዘንድ የሬድዮ ጥገና ተማሩ፤ በዚያው ሙያም እናታቸውን ጦረው ቀበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998፣ ወደቡ በኢትዮጵያ ዕቃ በተጨናነቀበት ዓመት፣ ወደ ጅቡቲ መጥተው በአንድ የትራንዚት ቢሮ በሬድዮ ጠጋኝነት ተቀጠሩ። ቢሮው ሞተዋል ብሎ የጣላቸውን ሦስት ኮምፒውተሮች በጋሪ ጭነው አርሂባ አመጡና አልጋቸው ላይ ፈታቷቸው። እርሳቸው ወለል ላይ ተኙ። ከኮምፒውተሮቹ ሁለቱ ነቁ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ከሜኔሊክ አደባባይ ጀርባ ከአቶ ዓብዱረዛቅ ጋር የጥገና ሱቅ ከፈቱ። አቶ ዓብዱረዛቅ የዚሁ አገር ልጅ ሲሆን አማርኛ የተማረው ከእርሳቸው ነው፤ ስለዚህ ሲቆጣ የድሬዳዋ ሰው ይመስላል። በከተማችን የኮምፒውተር ጠላቶች ሙቀት፣ አቧራና የባሕር ጨው ናቸው። ሟቹ እነዚህን ሦስቱን ሲዋጉ ኖረዋል። ሞተ የተባለ ኮምፒውተር ሲመጣ ያንን ጥርሳም ነገር ነቅለው ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ያሻሹና መልሰው ይሰኩታል፤ ኮምፒውተሩም ይነቃል። እኔ ይህን መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ትናንት ያሳሳተኝም ይኸው ብዙ ማየቴ ነው።

ለማስተማር የነበራቸው ትዕግሥት የሚደነቅ ነው። ተማሪ ሲያጡ እኔን ያስተምሩ ነበር።

«ነጃት፣ ወጥ ቤት አስቢ» አሉኝ አንድ ቀን በራፋቸው ላይ ተቀምጠን። «ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪው ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ግን በራሱ የሚያስበው ነገር የለም፣ የታዘዘውን አንድ በአንድ ይሠራል። ሜሞሪው ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ነው። አሁን የሚከትፈው ሽንኩርት፣ አሁን የሚፈልገው ጨው እዚያ ላይ ነው። ዲስኩ ደግሞ ጓዳው ነው። ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ሩቅ ነው። ጠረጴዛው ከጠበበ ወጥ ሠሪው ጓዳ ሲመላለስ ይውላል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ሆነ ትላላችሁ።»

«ታዲያ ለምን ጓዳው ውስጥ ገብቶ አይከትፍም?»

«ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ይከተፋል?»

«እኔ ቤት ይከተፋል።»

አንድ ክፍል ቤቴን በበሩ በኩል አዩና ወደ ፕሮሰሰሩ ተመለሱ። ይህ ጥያቄዬ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ሌላም ግራ የገባኝ ነበር። ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው አሉ፤ አለ እና የለም፣ አንድ እና ዜሮ። «በሁለት ቃል እንዴት ፈረንሳይኛ ይጽፋል?» ብላቸው፣ «አንቺስ እሺና እምቢ ብቻ እያልሽ አራት ልጅ አሳድገሽ የለም እንዴ?» አሉኝ። ከይረዲንና ሌሎቹ ልጆቼ ይህን እየሰሙ ነው፤ እኔ ከእሺው እምቢው ይበዛብኛል።

ከዚያ ስለ መብራትና ስለ ጠረጴዛው አንድ የመጨረሻ ነገር ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር። ሩዜ ሊያርብኝ ስለነበር ተነሥቼ ሄድኩ።

ሟቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወይዘሮ ትግስት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ወይዘሮ ትግስት በአንድ የፈረንሳዮች ቤት እየኖሩ ይሠሩ ነበር፤ የተዋወቁት የአሠሪዎቻቸውን ኮምፒውተር አዝለው ሱቁ ሲመጡ ነው። የጠረጴዛውና የጓዳው ነገር ለእርሳቸው በአንድ ቀን ገባቸው። ለዚህ ይመስለኛል ያገቧቸው። ልጅ አልወለዱም። ወይዘሮ ትግስት እ.ኤ.አ. በ2011 አረፉ፤ የባላቸውን የክርስትና ስም የሚያውቅ ሰውም አብሯቸው ሄደ።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ጋሽ ጀንበሬ ቤታቸው ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ አየኋቸው። ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

«ምን እየጻፉ ነው?»

«የሕይወት ታሪኬን። ለሌላ ሰው ብተወው ዕድሜዬን ትጨምሩብኛላችሁ።»

«እኔስ አለሁበት?»

«አሁን አንቺ ጋ ደርሻለሁ።»

«ምን ብለው ጻፉኝ?»

«ሲነበብ ትሰሚያለሽ።»

ከቀትር በኋላ ደረታቸውን ያዛቸው። ታክሲ ስናስገባቸው እጄን ጭብጥ አድርገው «ነጃት፣ ስሜም ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው። እንዳታጠፊው» አሉኝ። ሐኪሞች አቅማቸው የፈቀደውን አድርገዋል፤ እናመሰግናለን።

እኔም ኮምፒውተሩን አራት ቀን ጠበቅሁት። ማራገቢያ አዞርኩለት፣ ልጅ አላስጠጋሁም፤ ስክሪኑ ጠቁሮ ስለነበር እኔም እንዳላጠፋው ብዬ ምንም አልነካሁም። መብራት ሁለት ጊዜ ሲጠፋ ኦንዱለር የሚሉት የባትሪ ሣጥን እየጮኸ ያዘልኝ፤ አብሬው ጮኽኩ። አቶ ጀንበሬ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2017፣ በሐበሻ መጋቢት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በማግስቱ አባ ሚናስ ስሙን ሲጠይቁኝ፣ «አሁን የሚሠራው ነገር ጠረጴዛው ላይ ነው» ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሶኬቱን ከባትሪው ሣጥን ነቀልኩ፤ ካቻቢቴ ፈልጌ ከፈትኩት፤ ጠረጴዛውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሮጥኩ።

ከአባ ሚናስ ዘንድ ስመለስ አቶ ዓብዱረዛቅን ሱቁ በር ላይ አገኘሁት። ጨርቁን ገልጬ አሳየሁት።

«የከይረዲን እናት፣ መብራት ሲቋረጥ ጠረጴዛው ይጠረጋል» አለኝ። «ጓዳ ያልገባ ነገር አይተርፍም። ስንት ዓመት ሙሉ ነግሮሻል።»

«ሩዝ ጥጄ ነበር።»

አርሂባ ድረስ አብሮኝ መጥቶ ጥርሳሙን ነገር ቦታው ላይ መልሶ ኮምፒውተሩን አበራው። ጓዳው ውስጥ «የሕይወት ታሪኬ» የሚል ጽሑፍ ተገኘ። ያ አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ ካላዘዙት በራሱ አያስቀምጥም፤ ጋሽ ጀንበሬም ሰውን ሁሉ «አስቀምጡ፣ አስቀምጡ» ሲሉ ኖረው እርሳቸው ያስቀመጡት ዓርብ ጠዋት የጻፉትን አንድ መስመር ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፤ «እኔ ጀንበሬ ወልደየሱስ፣ የክርስትና ስሜ ወልደ ሩፋኤል»። ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው።

ስለዚህ አባ ሚናስ ዛሬ የሚጸልዩት በትክክለኛ ስማቸው ነው። የቀረውን ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የሰማችሁትም የእኔን ነው። እርሳቸው ከጻፉት ቢያንስ፣ ጥፋቱ የሟቹ አይደለም።

አቶ ጀንበሬ ወልደየሱስ የሥጋ ዘመድ አልተዉም። የሙያ ወንድማቸውን ዓብዱረዛቅን፣ እኔንና አራት ልጆቼን፣ የአርሂባን ጎረቤቶች በሙሉ፣ ሊጠገኑ መጥተው የተቀመጡ አምስት ኮምፒውተሮችን ትተው ሄደዋል። ባለቤቶቹ መጥታችሁ ውሰዱ። አባ ሚናስ በሚለምኑበትም እኔ በምለምንበትም በኩል ደጁ ይከፈትላቸው፤ ማረፊያቸው ሰፊ፣ ነፋሻም ይሁን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ያቺን አንድ መስመር ካነበብን በኋላ አቶ ዓብዱረዛቅ የኮምፒውተሩን ክዳን ሊያጠብቅ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቆይ እስቲ፤ ጥርሶቹን በላጲስ ብናሻቸውስ?» አልኩት። «ስለ እኔ የጻፉት አይመለስም?»

ቀና ብሎ አላየኝም፤ ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

«ጠረጴዛውማ ተመልሷል፣ የከይረዲን እናት።»