ማር ማውጫዋ በርሜል

እትዬ፣ አንቺ በጤና ካለሽልኝ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ለቀፎሽ ማር ማውጫ መግዛቱን ትቼ ከአሮጌ በርሜልና ከብስክሌትሽ ጎማ ሠራሁልሽ። እጀታውን ሲያዞሩት ጎማው ላይ የታሰረው የማር እንጀራ ይሽከረከርና ማሩ በርሜሉ ውስጥ ይንቆረቆራል። ጎረቤት «መሐንዲሱ» ብሎ ስም አወጣልኝ። አባባ ብቻ «ለንቦቹስ ተረፋቸው?» አለኝ።

«ሞልቶ» አልኩት። ማሽኔ ሲያምርልኝ ግን ጠብታ እስኪጠፋ አዙሬው ነበር።

አሁን አባባ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ቀፎሽ ላይ ለጥፎ፣ «ብርዱ ነው ዝም ያሰኛቸው» ይላል። እኔም «ብርዱ ነው» እላለሁ። ማሩን ልኬልሻለሁ፤ እኔ አልቀመስኩትም።

በሰፈራችሁ የንብ መንጋ የሚሸጥ ካለ ጠይቂልኝ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፤ ለመምጣቱ ግን አትቸኩዪ።

ታናሽሽ