አሥራ ሁለተኛው ካሴት

ለሲሳይ፣

እንዴት ነህ አልልህም። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር አለፈ፤ ስምህን በጠራሁ ቁጥር ነፍሱን ይማረው እል ነበር። ከትናንት ወዲያ ግን ምላሴ እንቢ አለኝ። አንተ ሰው፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ላሚቱ ወንድ ጥጃ ወለደች። ሰፈራችንም መብራት ገባ። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ አለቀ እያልን ፀሐይ ላይ ስናሰጣ፣ በጥርሳችን ስንነክስ ኖረን፣ አሁን ቴፑን ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ ሆነ። እኔም ከወልድያ ሆስፒታል ከልብስህ ጋር ከመጣ ጀምሮ ያልነካሁትን ቴፕ አወጣሁት።

በካሴት የምንሰማው ትረካ ላይ ያለው ሻለቃ መርማሪ ናፍቆኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ትረካውን ከአዲስ አበባ ቱሪስት በሚያመጣው ሾፌር እጅ አንድ አንድ ካሴት ስታስመጣ፣ የነጋዴውን ገዳይ ስንገምት ራታችን ይቀዘቅዝ ነበር። ተራኪው ደግሞ ልባችን እስኪሰቀል ጠብቆ ያቆማል፣ እርኩስ! እኔ ወንድሙን ጠረጠርኩ፣ አንተ ዘበኛውን። ሰባተኛውን ካሴት እኔ ብልባላ ገበያ ስሄድ ለብቻህ ሰምተህ፣ አብረን ስንሰማ ሻለቃው ገና መርዙን ሳያገኘው ስኳሩ ዕቃ ውስጥ ነው ብለህ አፍህ አመለጠህ። ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። ከዚያ ወዲያ አንዳችን ያለ አንዳችን ላንሰማ በአሸተን ማርያም ተማማልን። ታመህ ስትሄድም የመጨረሻውን፣ አሥራ ሁለተኛውን ካሴት እንዳልቀድምህ ፈርተህ ከነቴፑ ይዘኸው ሄድክ፤ ድኜ ስመለስ አብረን እንሰማዋለን ብለህ።

ከትናንት ወዲያ ቴፑን ስከፍተው ካሴቱ ውስጡ ነው፤ ክሩ ተሰምቶ አልቋል። አንተ ሰምተህ መልሰህ አታጠነጥንም፤ ሁልጊዜ በእስክሪብቶ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ መሐላውን አፈረሰ ብዬ ነደድኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ጠጥተህ እንኳ አሸተን ማርያምን በሐሰት የማትጠራ ሰው፣ ያን መሐላ የምታፈርሰው ወደ ቤት እንደማትመለስ ካወቅክ ብቻ ነው።

አስታማሚህ የነበረችውን እህትህን ዘነበችን እንደ ሻለቃው አፋጠጥኳት። አለቀሰች። ሐኪሙ በመጀመሪያው ሳምንት ቁርጡን ነግሮህ ነበር። ለእኔ ግን ተሽሎኛል፣ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ከብቶቹን ጥለሽ እንዳትመጪ ብለህ ላክህብኝ። እኔ ጅሏ ዶሮ አስሬ ጠበቅኩህ፤ የመጣው አስከሬንህ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተ ግን እያደር ከበደኝ። ከብቶቹን ጅብ ይብላቸው! በእግሬም ቢሆን ወልድያ እመጣ ነበር። እጅህን ይዤ እሰናበትህ ነበር። ለማን አዝነህ ነው የከለከልከኝ? ለእኔ ከሆነ፣ እኔን አልጠየቅከኝም።

ሙት ዓመትህን እደግሳለሁ፤ ካህናቱ ፊት አላዋርድህም። ረሳችኝ ብለህም አትስጋ፤ ቂመኛ እንደሆንኩ ታውቃለህ፣ ቂመኛ ደግሞ አይረሳም። ሾፌሩ መጥቶ ገዳዩን ልንገርሽ ቢለኝ አፉን አስያዝኩት። ካሴቱንም እንደ ልማዴ በእስክሪብቶ መልሼ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ አንድም ቀን አልሰማውም። መሐላ እንዴት እንደሚከበር ከእኔ ተማር። ገዳዩን እዚያ ስመጣ አንተው ትነግረኛለህ፤ ከዚያ በፊት ግን ለምን እንደዋሸኸኝ ትነግረኛለህ።

ሚስትህ የሺ