የፀጉር አስተካካዩ አፍ

የካቲት 4

የባሌ ሳንባ ተሻለው ብለን ገና እፎይ ሳንል፣ እዚያው ሆስፒታል አልጋው ላይ አፉ ነጭ ሆነ። ምላሱ፣ ላንቃው… ወተት ጠጥቶ አፉ ያልተጠረገ ሕፃን ይመስላል። ሾርባ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ። «ያቃጥለኛል።» እሺ፣ ምን ላብላው? አየር?

ሐኪሙ ፈንገስ ነው አለ። በሁላችንም አፍ ውስጥ አለ፤ አንቲባዮቲክ ሲበዛና ሰውነት ሲደክም ነው የሚነሳው። ያዳነው መድኃኒት ለሌላው በር ከፈተለት ማለት ነው? ጉድ እኮ ነው።

የካቲት 5

ጠብታ ታዘዘለት። በደንብ ተጉመጥምጦ መዋጥ ነው። እሱ ግን ጭልጥ። «አቆየው እንጂ» ስለው ዓይኑን ያጉረጠርጥብኛል። ዕድሜ ልኩን የሰው አገጭ ይዞ «አትነቃነቅ» ሲል የኖረ ፀጉር አስተካካይ፣ ሲያዙት አይወድም።

የካቲት 8

ምንም ለውጥ የለም። እህቱ መጣች። «አፉን በደንብ አታጥቢለትም ይሆናል።» ዋጥ አደረግኩት። እኔ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አላልኩም፤ እሷ ብርቱካን ይዛ መጥታ፣ ፈርዳ ሄደች። ለቆሰለ አፍ ብርቱካን…

የካቲት 10

ወደ ጉሮሮው ወርዷል። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ተጨመረ። ሐኪሙ፣ «እስከ ሰኞ ካልበላ በአፍንጫው ቱቦ እናስገባለን። እንዲህ እየደከመ ፈንገሱ ደሙ ውስጥ ከገባ ያሰጋል።»

አንድ ባል ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልችልም።

የካቲት 11

ሲስተር ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። «እትዬ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሲተኛ ያወልቃል?»

«የምን ጥርስ?»

ደነገጠች። እኔ ባሰብኝ። ሦስት ዓመት በትዳር… ያ ሁሉ ጥርስ የሱ አይደለም? የላይኛው በሙሉ ተነቃይ ነው አለች። ፈንገሱ ሥሩ ተደብቆ ይኖራል፤ ወልቆ ካልጸዳ መድኃኒቱ ብቻውን አይጠቅምም። እነሱ ሲጠይቁት «አወልቃለሁ» ይላል። መቼ? እኔ ከአጠገቡ ተነስቼ አላውቅ። ለካ የማይጉመጠመጠውም እፊቴ እንዳይወልቅበት ኖሯል።

በረሃብ ሊሞት ነው ድዱን እንዳላይበት ብሎ? ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጡብኝ።

ገብቼ «አውልቀው» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አውቄያለሁ፣ አውልቀው።»

«መጀመሪያ ቀን ጥርስህ ያምራል ብለሽኛል» አለ ግድግዳውን እያየ።

ብያለሁ? ብያለሁ መሰለኝ… የሰውዬው ሞኝነት! «እኔ ያገባሁት ጥርስ አይደለም» ብዬ ብርጭቆውን ዘረጋሁለት። አወለቀው። ጉንጩ ገባ፤ አሥር ዓመት አረጀብኝ። ጥርሱን ይዤ ወደ መታጠቢያው ሄድኩና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

የካቲት 20

ቱቦው ቀረ። ምላሱ ቀይ ሆኗል። ሁለት ሳህን ሾርባ በድዱ ጨረሰና «ጨው ያንሰዋል» አለኝ። ይበለኝ።

እህቱ ስትገባ አፉን በመዳፉ ከደነ። እስክትወጣ እንደዚያው ቆየ። እንደወጣች እጁን አወረደና ለማንኪያዬ አፉን ከፈተ።