በፎቶው ላይ ስላልታየው የእናቴ ጣሪያ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዘካርያስ፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
አዳማ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ወንበር ላይ ለሚጎዳው ወገብዎና ስልክ ላይ ለሚደክሙት ዓይኖችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ፎቶ ቤት ያለኝ ወዬሳ ነኝ። ንፋሱ የእናቴን የወይዘሮ ዲንቄን ክፍል ጣሪያ ገንጥሎ ጎረቤታችን የፎዚያ ግቢ ውስጥ ከጣለው ወዲህ ደጅዎን ስጠና ከርሜያለሁ። ከስልክዎ ቀና ስለማይሉ መልኬን ባያውቁትም ጫማዬን ሳያውቁት አይቀሩም።

ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለእድሳት ፈቃድ የሚታደሰውን ጣሪያ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አያይዝ ስለተባልኩ፣ በሙያዬ ኮርቼ ከየአቅጣጫው አንስቼ አቀረብኩ። ቢሮዎም መርምሮ፣ ጣሪያው አይታይም ሲል መለሰልኝ። እውነት ነው፣ አይታይም። ብዙ ሙሽራ አሳምሬ አንስቻለሁ፤ የሌለ ጣሪያ እንዲታይ ማድረግ ግን ገና አልተካንኩበትም። ጉድለቴን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

፪. የፎቶው ነገር በስንት ልመና ከታለፈልኝ በኋላ ደግሞ ሲስተም የለም ተባልኩ። ጠዋትም የለም፣ ከሰዓትም የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን የአባቶች ብሂል እንደ ቢሮዎ አጥብቆ የያዘ አላየሁም። እናቴም እስከዚያው የሚያድሩት ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ ለሙሽሮች በተሰቀለው የፏፏቴ ሥዕል ሥር ነው። ደንበኛ ሲመጣ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ደጅ ይቀመጣሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ሲያደርጉ ማየት ያመኛል፤ ይህችን ብቻ ያለ ምስጋና አልፋታለሁ።

፫. በምድር ላይ መሥራት ቢያቅተኝ፣ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ከተማ በሚገነቡበት አንድ የስልክ ጨዋታ ውስጥ ቦታ ይዤ የእናቴን ክፍል እዚያ መሥራት ጀመርኩ። ብሎኬት አንድ በአንድ ስደረድር ያየኝ አንድ የጨዋታው ጎረቤት፣ ሳልጠራው መጥቶ አሠራሩን አስተማረኝ። ዕቃው አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ አንዱ ግድግዳ ተስተካክሎ ይሠራና ሌሎቹ ከእሱ ይቀዳሉ፤ ጣሪያው ከዳር ወደ መሃል ይዘጋል። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ቤቱ አለቀ። ማመልከቻም፣ ፎቶግራፍም አልጠየቀኝም። እጁ ይባረክ ልለው ፕሮፋይሉን ስከፍት፣ ከሰውየው ጀርባ የራሴን ፏፏቴ አየሁት። ያኔም ከስልክዎ ቀና ሳይሉ፣ እኔው ከረባትዎን አስተካክዬ ያነሳሁዎት እርስዎ ነዎት። እኔ ይህን ስሠራ ቢሮዎ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ ተራ እየጠበቅሁ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ። ሲስተም በሌለበት ቢሮ ሆነው ይህን ያህል መትጋትዎ ልቤን ነክቶታል። ለካ ሲስተሙ ጠፍቶ ሳይሆን ሥራ በዝቶበት ኖሯል።

እንግዲህ ደመናው ከወንጂ በኩል መከማቸት ስለጀመረ፣ እዚያ ካሳዩኝ ቅልጥፍና ጥቂቱን ወደ አዳማ ቢያወርዱልን፣ የእናቴ ጉዳይ ከአንድ ፊርማ በላይ የሚፈልግ አይደለም። ለዚህ ፊርማ ስል ከሥራ ገበታዎ፣ ማለትም ከከተማዎ፣ ለአፍታ ስለማነሳዎ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በአንዱ ዓለም ጎረቤትዎ፣ በሌላው ባለጉዳይዎ፣ በሁለቱም ታዛዥዎ የሆንኩት
ወዬሳ ጋዲሳ

እንደገና፦ በጨዋታው ሕግ ድንበርተኛ ሳይፈቅድ ፎቅ መጨመር ስለማይቻል፣ እዚያ ያለውን የቤትዎን ጣሪያ ነቅለው የላኩልኝ የፈቃድ ጥያቄ ደርሶኛል። ሲስተም የለም ብዬ ልመልስልዎ ጽፌ ጨርሼ ነበር። እናቴ ግን ስልኬ ላይ ያንን ጣሪያ የሌለው ቤት አይተው፣ የማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ዝናቡ ሳይመጣበት ፍቀድለት ልጄ ስላሉኝ፣ ፈቅጄልዎታለሁ።