የቀጨኔው በር ስፋት

ለሲና አባት፣

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኛ ደኅና ነን፤ ሲና ፈተናዋን ጨርሳ እስከ ረፋዱ ትተኛለች።

የዚህን ወር ደረሰኞች ልኬልሃለሁ። ትዳሩ ቢፈርስም የሁለቱ ኪራይ ቤቶች ፋይል እኔው ዘንድ ቀርቷል። የአዲሱ ገበያው ጣሪያ ለብቻው፣ የዊንጌቱ ቧንቧ ለብቻው፣ በየፖስታው ነው።

ግን ኮንትራክተራችን ዘርዓብሩክ ያንተን የቀጨኔ መኖሪያ ሥራ ከኪራይ ቤቶቹ ጋር ቀላቅሎ በአንድ ወረቀት ጽፎ አመጣልኝ። ልለያየው ብዬ ቁጭ አልኩ። ታውቀኝ የለ፣ የማይመለከተኝን ወረቀት ነው አስቀድሜ የማነበው።

የመኝታ ቤት በር ማስፋት ይላል። የመግቢያ ደረጃ ማፍረስ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሙሽራ ልታስገባ መስሎኝ ነበር። ሁለቱንም ቤቶች ቶሎ እንሽጥ፣ ፈርሚ ያልከኝም ለድግሱ ነው ብዬ፣ ወረቀቱን እዚያው ላይ አጥፌ ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። በመጨረሻ ዘርዓብሩክን፣ በሩ ዘጠና አምስት ሴንቲ ከሆነ ሙሽራዋ ምን ብታክል ነው? አልኩት። ያ ሳቂታ ሰውዬ አልሳቀም። እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት፣ የሲና እናት፣ ብሎኝ ሜትሩን ኪሱ ከተተና ወጣ።

እሱ ሲሄድ ከሥር የቀሩትን መስመሮች አነበብኩ። ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት፣ ሁለት። በደረጃው ቦታ ተዳፋት መግቢያ፣ በኮንክሪት። ሙሽራ እንዲህ ዓይነት ነገር አታዝም።

ሲና፣ አባዬ ለምን መጥቶ አያየኝም ስትለኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው እላት ነበር። ለእኔም ያልከኝ ይህንኑ ነው።

የአዲሱ ገበያውን ሽያጭ ፈርሜያለሁ፤ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም። የዊንጌቱን ግን አልፈርምም። በሩ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ፣ ከበሩ ውጭ ያለው ያው የቀጨኔ ቁልቁለት ነው። የዊንጌቱ ቤት አስፋልት ዳር ነው፣ ደረጃ የለውም፤ ተከራዮቹም በሐምሌ ይለቃሉ፣ ያኔ አንተ ትገባበታለህ። እኔና ሲና ከዚህ ብንነሣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብንም። እዚያ ለሚሠራው ሥራ የሚመጣው ሂሳብ በእኔ ስም እንዲጻፍ ለዘርዓብሩክ ነግሬዋለሁ፤ እንዳትከራከረው።

መድኃኔዓለም ጉልበት ይሁንህ፣ ከብቸኝነትም ይሰውርህ።

የልጅህ እናት